የኒውዚላንድ ፍል ውሃዎችና የመንግሥት ቱሪዝም በቅኝ ግዛት ዘመን

የባሕር ማዶ ጎብኚን መሳብ የመንግሥት ሥራ ሆኖ በቋሚ መሥሪያ ቤት መመራት የጀመረው በብሪታንያ ቅኝ ግዛት በነበረችው በኒውዚላንድ ነው፤ በፌብሩዋሪ 1901 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የቱሪስትና የጤና ማረፊያዎች መምሪያ በዓይነቱ በዓለም የመጀመሪያው እንደሆነ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሰፊው ይታመናል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ለሪህና ለቁርጥማት ማዕድን ባለው ውሃ መታጠብን ያዝዙ ስለነበር፣ ጉብኝትና ሕክምና በአንድ ጣሪያ ሥር መዋላቸው ማንንም አላስገረመም። ይሁን እንጂ የመምሪያውን ታሪክ ከሆቴልና ከማስታወቂያ የሚጀምር ሁሉ ዋናውን ነገር ይስታል፤ መንግሥት እንግዳ ከመጥራቱ 20 ዓመት አስቀድሞ ፍል ውሃው የሚፈልቅበትን መሬት በሕግ መቆጣጠር ጀምሮ ነበርና፣ መሬቱም ባለቤት ነበረው።

በሰሜን ደሴት፣ በሮቶሩዋ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት የቴ አራዋ ማኦሪዎች የሚፈላውን ውሃ ለመታጠቢያ፣ ለፈውስና ምግብ ለማብሰያ ሲገለገሉበት ኖረዋል። ቀደም ሲል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ዊልያም ፎክስ በ1874 አካባቢውን ጎብኝቶ ስፍራው በግል ነጋዴዎች እጅ ሳይወድቅ መንግሥት እንዲይዘው አሳሰበ። በ1880 ዳኛው ፍራንሲስ ፌንተን የቴ አራዋ ወገን ከሆኑት ከንጋቲ ፋካውዌ ጋር ባደረገው ስምምነት መሠረት የሮቶሩዋ ከተማ ቦታ የእነርሱ እንደሆነ ቆይቶ ለ99 ዓመት እንዲከራይ፣ ኪራዩም ለባለመሬቶቹ እንዲከፈል ተወሰነ። በተከታዩ ዓመት የወጣው የፍል ውሃ አካባቢዎች አዋጅ ግን በተከለሉት ወረዳዎች መሬት የመግዛትና የመከራየት ብቸኛ መብት ለመንግሥት ሰጠ። ተከራዮቹ በኢኮኖሚው ድቀት ምክንያት ኪራዩን መክፈል ሲያቅታቸው ባለመሬቶቹ ሌላ ገዢ ስላልነበራቸው፣ መንግሥት በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ከተማውን ጠቅልሎ ገዛው። ስምምነት የሚለው ስም እንዲህ ላለው ግንኙነት የሚበዛበት ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት የጎብኚው ዋና መዳረሻ በታራዌራ ተራራ አቅራቢያ የሚገኙት ሮዝና ነጭ እርከኖች ነበሩ። እነዚህ ሲሊካ የተባለው ማዕድን ከፍል ውሃ እየረጋ የሠራቸው፣ በየደረጃው ገንዳ ያላቸው ሰፋፊ ደረጃዎች ናቸው። ጀልባውንም መሪነቱንም የያዙት የቱሆራንጊ ማኦሪዎች ሲሆኑ፣ ዋጋ የሚተምኑትም እነርሱ ነበሩ፤ ሶፊያ ሂነራንጊ የተባለችው መሪ ስሟ በእንግዶች ዘንድ የታወቀ ነበር። ጁን 10 ቀን 1886 ታራዌራ ፈንድቶ እርከኖቹን ሲያጠፋና ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን ሲገድል፣ የተረፉት ቱሆራንጊዎች ጋይዘር ወደሚበዛበት ወደ ፋካሬዋሬዋ ተሻገሩ (ጋይዘር እየቆየ ወደ ላይ የሚፈናጠር ፍል ውሃ ነው)። በዚህም የጎብኚው መንገድ ወደ ሮቶሩዋ ዞረ፤ በ1894 ከኦክላንድ የተዘረጋው ባቡር ሲገባም ጉዞው የአንድ ቀን ሆነ።

መምሪያው ሲቋቋም የበላይ ኃላፊው ሚኒስትር ጆሴፍ ዋርድ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ቶማስ ዶን ነበሩ። መምሪያው በማውንት ኩክ ያለውን ሆቴል፣ የሚልፎርድን የእግር መንገድ፣ የቴ አሮሃንና የሃንመርን ፍል ውሃዎች በአንድነት ያስተዳድር ጀመር፤ ፎቶግራፍና መጽሔት እያሳተመ ወደ ውጭ ይልክ፣ በ1904 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም ቅኝ ግዛቲቱን ያስተዋውቅ ነበር። ዶን አደን ወዳድ ሀብታሞችን ለመሳብ ሲል የሂማላያ የዱር ፍየሎችን፣ የአሜሪካ ትልልቅ አጋዘኖችንና ሻሞዋ የተባለውን የአውሮፓ ተራራ እንስሳ አስመጥቶ ለቀቀ። የሌሊት ወፍ ካልሆነ በቀር አጥቢ የምድር አውሬ በማያውቀው ደን ውስጥ እንስሳቱ ያለ ጠላት ስለረቡ፣ ከ1930 ወዲህ መንግሥት ያው ራሱ በደመወዝ በቀጠራቸው አዳኞች ያስገድላቸው ጀመር።

የሕክምናውን ዘርፍ የመራው በእንግሊዝ ባዝ ከተማ በማዕድን ውሃ ሆስፒታል የሠራው ሐኪም አርተር ዎልማን ነው፤ በ1902 የመንግሥት የባልኒዮሎጂ፣ ማለትም በማዕድን ውሃ የማከም ጥበብ፣ ባለሙያ ሆኖ ተሾመ። በእርሱ ሐሳብ በሮቶሩዋ የተሠራው ታላቁ የመታጠቢያ ቤት በ1908 ተከፈተ። ታካሚው አሲድ ባለው «የቄሱ» ውሃ ወይም ቆዳ በሚያለሰልሰው «የራሔል» ውሃ ይዘፈቃል፣ በጭቃ ይታሸጋል፣ ወይም ከላይ ውሃ እየወረደበት ይታሻል። ሕንፃው ከውጭ የእንግሊዝን የጥንት ቤት መስሎ ሲያምር፣ ከውስጥ ግን ከውሃው የሚወጣው የድኝ ጋዝ ቧንቧውን ይበላ፣ ልስኑን ያረግፍ ስለነበር ጥገናው ገና ከጅምሩ ማለቂያ አጣ። ወጪውም ለጥቂት ባለጸጎች ጤና በሕዝብ ገንዘብ የተከፈለ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከ1907 ጀምሮ የሮቶሩዋ ከተማ አስተዳደር በመምሪያው እጅ ስለገባ ነዋሪው የራሱን ማዘጋጃ ቤት ያገኘው በ1920ዎቹ ነው። ይሁን እንጂ እንግዳው ማስታወቂያው ከገባለት ፈውስ ይበልጥ የሚደነቀው በፋካሬዋሬዋ ሴቶች አስጎብኚነት ነበር። ከእነርሱ አንዷ የሆነችው ማጊ ፓፓኩራ፣ በሌላ ስሟ ማከረቲ፣ የአካባቢውን መመሪያ መጽሐፍ ጽፋለች፤ የዘፈንና የውዝዋዜ ጓድ አስከትላም ወደ ሲድኒና ለንደን ተጉዛለች። በኋላም በኦክስፎርድ ስለ ሕዝቧ የአኗኗር ሥርዓት አጥንታ፣ ሥራዋ ከሞተች በኋላ በ1938 ታትሟል። ስለ ማኦሪ በባዕድ እጅ ከተጻፉት የጉብኝት መጽሔቶች ሁሉ ይልቅ ይህ ሥራ ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ነው።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፍል ውሃዎቹ ለቆሰሉ ወታደሮች ሆስፒታል ሆነው አገለገሉ። አዳዲስ መድኃኒቶች ሲመጡ የውሃ ሕክምና ተፈላጊነቱ ቀነሰና ታላቁ መታጠቢያ ቤት በ1960ዎቹ ተዘጋ፤ ቆይቶም ሙዚየም ሆነ። ነዋሪዎችና ሆቴሎች ለማሞቂያ በቆፈሯቸው ጉድጓዶች ምክንያት ጋይዘሮቹ መድከም ሲጀምሩ፣ ከ1986 ጀምሮ መንግሥት በፋካሬዋሬዋ ከሚገኘው ከፖሁቱ ጋይዘር 1.5 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ርቀት ያሉትን ጉድጓዶች አዘጋ። የፋካሬዋሬዋ የፍል ውሃ ሸለቆ ለባለመሬቶቹ እንዲመለስ የሚደነግገው ሕግ የወጣው በ2009 ነው።