የእህት ኩባንያ ሂሳብ፦ ሩዙ ሳይንቀሳቀስ ትርፍ ሲወጣ

ዛሬ ዋጋ አልለጥፍም። የፎገራ ሩዝ ሊታጨድ ሲቃረብ ወረታ ላይ "በዱቤ ስጡን" የሚሉ ገዢዎች ይበዛሉ። የሂሳብ ሪፖርትም ይዘው ይመጣሉ። ያንን ወረቀት እንዴት እንደምናነበው እናውራ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ገዢ ኦዲተር የፈረመበት ሪፖርት አሳየኝ። ሽያጩ ከዓምናው እጥፍ ሆኗል፣ ትርፉም ደህና ነው። አምኜ አንድ የገበሬዎች ማኅበርን "ስጡት" አልኩ። ታኅሣሥ ላይ 600 ኩንታል በ45 ቀን ዱቤ ወጣ። ቀኑ ሲደርስ ቼኩ ስንቅ የለውም። ብሩ የገባው ሐምሌ ላይ፣ የማዳበሪያ መግዣው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ኋላ ሪፖርቱን ደግሜ ሳየው የሽያጩ ግማሽ ለራሱ እህት ኩባንያ የተሸጠ ነው። መጨረሻ ገጽ ላይ በማስታወሻው ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ዘዴው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሁለት ፒኤልሲ አለው እንበል (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው)። አንደኛው 1,000 ኩንታል በ4,000 ብር ሒሳብ ገዛ፤ 4 ሚሊዮን ብር ወጣ። ሰኔ 28 ለሁለተኛው በ5,500 ብር ሸጥኩ ብሎ ደረሰኝ ቆረጠ። ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ አንደኛው 1.5 ሚሊዮን ብር አትርፏል። ሁለተኛው ደግሞ "5.5 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ክምችት አለኝ" ብሎ ባንክ ይሄዳል። ሩዙ ግን ከመጋዘኑ አልወጣም፣ ብርም አልተከፈለም። ሁለቱን ደብተር ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ያለው ያው በ4 ሚሊዮን የተገዛ 1,000 ኩንታል ነው።

በተገላቢጦሽም ይሠራል። ቡና ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ላኪው በውድ የገዛውን ቡና ውጭ በኪሳራ ይሸጣል። ባገኘው ዶላር የራሱ ወይም የዘመዱ አስመጪ ድርጅት ዕቃ ያስገባል፤ ትርፉ እዚያ ይወጣል። የላኪውን ደብተር ብቻ ያየ "ከሰረ" ይላል። በቡና ብቻ የሚኖር ላኪ ግን በዚያ ዋጋ መወዳደር አይችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምክንያቱ ቀንሷል፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም።

ሕጉስ? በአዋጅ 847/2006 መሠረት ኩባንያዎች ሂሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ ማዘጋጀት አለባቸው። ደረጃው ከተዛማጅ ድርጅት ጋር የተደረገ ንግድና ያልተከፈለ ቀሪ ዕዳ በማስታወሻ እንዲገለጽ ይጠይቃል። አንድ ኩባንያ ሌላውን የሚቆጣጠር ከሆነም በመርህ ደረጃ የሁለቱ ሂሳብ ተጠቃልሎ ይቀርባል። ክፍተቱ እዚህ ጋ ነው፦ የሁለቱም ባለቤት ግለሰብ ከሆነ የማጠቃለል ግዴታ የለም። ስለዚህ እኛው ራሳችን ማጠቃለል አለብን።

ኦዲተር ፈርሟል ብሎ መተኛትም አይበጅም። የጣሊያኑ የወተት ኩባንያ ፓርማላት እ.ኤ.አ. በ2003 የወደቀው፣ ኬይማን ደሴቶች ያለው እህት ኩባንያው 4 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ባንክ አለው ሲባል ቆይቶ ባንኩ "እንዲህ ያለ ሂሳብ የለም" ሲል ነው። ማረጋገጫ ተብሎ የቀረበው ደብዳቤ ፎርጅድ ነበር።

ዱቤ ከመስጠታችሁ በፊት፦

1. ሪፖርቱን ከማስታወሻው ጀምሩ። "ተዛማጅ ወገኖች" የሚለውን ፈልጉ።
2. ተሰብሳቢው ሂሳብ ከማን ነው የሚሰበሰበው? ስሙን ጠይቁ።
3. የሐምሌንና የነሐሴን የባንክ ስቴትመንት እዩ። የሰኔው ሽያጭ ብር ገብቷል ወይስ ዕቃው ተመልሷል? ስቴትመንቱ ከባንክ ሲወጣ አብራችሁት ሁኑ።
4. መመሥረቻ ጽሑፉን አይታችሁ ባለቤቶቹን ለዩ፤ የእህት ኩባንያውንም ሪፖርት አስመጡ።
5. ባለቤቱ በግሉ ዋስ ይሁን፣ ወይም የባንክ ጋራንቲ ያምጣ።

እህት ኩባንያ ያለው ሁሉ አታላይ አይደለም። መፈልፈያውንና መኪናውን በተለያየ ፈቃድ የሚያሠራ ብዙ ጨዋ ነጋዴ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሁለቱንም ደብተር ለማሳየት አይከፋውም። የሚከፋው ከሆነ ሩዙ እናንተው መጋዘን ይደር።

መልካም ገበያ!