የቲም ከመሆን በፊት፦ በተፈጥሮ አደጋ ውስጥ የሰው ልጅ ልማት ያለው ድርሻ



የጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም የአውሎ ነፋስ ዜና በተሰማ ቁጥር በየቲሞች ድጋፍ ሥራ የተሰማራን ወገኖች ሐሳባችን ፈጥኖ የሚሄደው ወላጆቻቸውን ወዳጡት ሕፃናት ነው። እህል፣ ብርድ ልብስና ገንዘብ ይሰበሰባል፤ አሳዳጊ ይፈለጋል፤ የትምህርት ወጪ ይሸፈናል። ይህ ሁሉ ተገቢና አስፈላጊ ተግባር ነው። ሆኖም ሁሉም የሚጀመረው ሕፃኑ የቲም ከሆነ በኋላ ነው። ከዚያ በፊትስ? ያ አባት፣ ያቺ እናት እንዳይሞቱ ሊደረግ የሚችል ነገር ነበረን? በዚህ ጽሑፍ የሰው ልጅ የልማት ሥራ የተፈጥሮ አደጋን እንዴት እንደሚያከፋና እንዴት እንደሚያቃልል በተጨባጭ ምሳሌዎች ለማብራራት እንሞክራለን።

ክስተቱና አደጋው

በንግግራችን የተፈጥሮ ክስተትና የተፈጥሮ አደጋ ብዙ ጊዜ ይቀላቀላሉ። የዝናብ መብዛት፣ የምድር መንቀጥቀጥ፣ የነፋስ መበርታት ክስተቶች ናቸው። በአላህ ፈቃድ ይሆናሉ፤ ሰው ሊያስቀራቸው አይችልም። ክስተቱ አደጋ የሚሆነው ግን ሰው፣ ቤት፣ ከብትና ማሳ ካሉበት ሲደርስ ነው። ሰው በሌለበት በረሃ የሚያልፍ ጎርፍ የቲም ትቶ አይሄድም። ስለዚህ በክስተቱና በአደጋው መካከል የሰው እጅ አለ። ቤቱ የት ተሠራ? በምን ተሠራ? ተራራው ዛፍ አለበትን? ማስጠንቀቂያው በጊዜ ደረሰን? የጉዳቱን ልክ በእጅጉ የሚወስኑት እነዚህ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የሆኑትን ሁለት የመሬት መንቀጥቀጦች እናነጻጽር። በጃንዋሪ ወር በሄይቲ የደረሰው መጠኑ 7.0 ሲሆን፣ በአገሪቱ መንግሥት ግምት ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ሁለት ወር ሳይሞላ በቺሊ የደረሰው ደግሞ መጠኑ 8.8 ነበር፤ የለቀቀው ኃይል ከሄይቲው 500 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በቺሊ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ግን 500 ያህል ነበር። የሄይቲው መንቀጥቀጥ ለዋና ከተማዋ ቅርብ መሆኑ ድርሻ እንደነበረው አይካድም። ይሁን እንጂ ትልቁ ልዩነት በቤቶቹ ላይ ነው። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ1960 መጠኑ 9.5 የሆነ መንቀጥቀጥ ደርሶባት ስለነበር የሕንፃ አሠራር ሕጓን አጥብቃ በሥራ ላይ አውላለች። በሄይቲ ግን ከባድ የኮንክሪት ጣሪያ በደካማ ምሰሶ ላይ ተጭኖ ይሠራ ነበር፤ የሚቆጣጠርም አልነበረም። ብዙውን ሰው የገደለው የፈረሰበት ቤት ነው።

ልማት አደጋን ሲያከፋ፦ ድሬዳዋ

ከሩቅ አገር ወደ ራሳችን እንመለስ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከተራራው ግርጌ በመድረሱ ነው። ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ውሃ የሌለበት የአሸዋ ሜዳ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ ይነግድበታል። ስለዚህም ወንዝ መሆኑ ቀስ በቀስ ይዘነጋል።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ፣ ከከተማዋ በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ የጣለው ከባድ ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ድሬዳዋን አጥለቀለቃት። ሌሊት ስለነበር ሰው ሁሉ ተኝቶ ነበር። ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ፤ ቤቶች ከነነዋሪዎቻቸው ተወሰዱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቀሉ። በዚያች አንዲት ሌሊት ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት ብዙዎች ናቸው።

ዝናቡን ያወረደው ሰው አይደለም። ነገር ግን ሦስት ነገሮች የሰው ሥራ ናቸው። አንደኛው የደጋው መራቆት ነው። በዛፍና በሣር የተሸፈነ ተዳፋት የዝናቡን ውሃ ቀስ አድርጎ ወደ መሬት ያሰርጋል። ዛፉ ለማገዶና ለከሰል ሲቆረጥ፣ ገደሉም ያለ እርከን ሲታረስ፣ ውሃው አፈሩንና ድንጋዩን ጠርጎ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ሁለተኛው የከተማው አሰፋፈር ነው። ከተማ ሲያድግ የመሬት ዋጋ ይንራል፤ ድሀው ኪራይ ወደሚረክስበት ወደ ወንዙ ዳር ይገፋል። በዚያ የሚኖረው አደጋውን ስለማያውቅ አይደለም፤ ለገበያውና ለቀን ሥራው ቅርብ ሆኖ ሊከፍለው የሚችለው ቤት ያ ብቻ ስለሆነ ነው። ሦስተኛው የማስጠንቀቂያ አለመኖር ነው። ዝናቡ ደጋው ላይ ከጣለ በኋላ ጎርፉ ከተማዋ እስኪደርስ ያለው ጊዜ አጭር ቢሆንም፣ የተኛን ቀስቅሶ ከወንዙ ዳር ለማራቅ ዋጋ ነበረው። ያን ሌሊት ግን ለተኙት የደረሰ ድምፅ የጎርፉ ድምፅ ነበር።

ከአደጋው በኋላ በወንዙ ዳርና ዳር የመከላከያ ግንቦች ተሠርተዋል። ይህ መልካም ነው። ግንብ ግን ብቻውን አይበቃም። ሰዎች ግንቡን ተማምነው ይበልጥ ተጠግተው ቤት ከሠሩ፣ ውሃው ግንቡን ያለፈ ዕለት ጉዳቱ ከቀድሞው ሊብስ ይችላል። የጎርፉ ምንጭ ደጋው ላይ ስለሆነ መድኃኒቱም ከደጋው፣ ከእርከኑና ከችግኙ መጀመር አለበት።

ልማት ሕይወትን ሲያድን፦ ባንግላዴሽ

እንግዲህ ልማት ሁሉ አደጋን ያከፋል ማለት አይደለም። የባንግላዴሽ ታሪክ ተቃራኒውን ያሳየናል። ይህች ዝቅተኛ የባሕር ዳር አገር የምሥራቅ ፓኪስታን ግዛት በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1970 በደረሰባት አውሎ ነፋስና የባሕር ማዕበል ቢያንስ 300 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ 140 ሺህ ያህል ሰው ሞተ። በ2007 ሲድር የተባለው ኃይለኛ ማዕበል ሲመጣ የሟቾቹ ቁጥር ወደ 3400 ገደማ ወረደ። በ2020 አምፋን በመጣ ጊዜ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቀድመው ወደ መጠለያ ስለተወሰዱ በአገሪቱ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ብቻ ነበሩ።

ነፋሱ አልተወም፤ የሕዝቡም ቁጥር አልቀነሰም። የተለወጠው የሰው ዝግጅት ነው። መንግሥትና የቀይ ጨረቃ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1972 የጀመሩት የዝግጁነት ፕሮግራም ዛሬ ከ70 ሺህ የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች አሉት። እነዚህ ሰዎች ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፤ በድምፅ ማጉያ ከቤት ወደ ቤት ይጣራሉ፤ አረጋውያንንና ሕፃናትን ይደግፋሉ። መጠለያዎቹም ከመሬት ከፍ ብለው በምሰሶ ላይ የቆሙ ሕንፃዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ በሰላሙ ጊዜ ትምህርት ቤት ሆነው ያገለግላሉ። ብዙ ሰው ከብቱን ትቶ አልሄድም እያለ ይሞት ስለነበር ለከብቶችም ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ተሠርቷል።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በ1991 ማዕበል ከሞቱት አዋቂዎች መካከል ሴቶቹ ከወንዶቹ በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። ማስጠንቀቂያው የሚነገረው ወንዶች በሚሰበሰቡበት ቦታ ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ባሎቻቸውን ሲጠብቁ ውሃው ደረሰባቸው። መጠለያውም ለሴቶች የተለየ ቦታ ስላልነበረው ብዙዎቹ መግባት አልፈቀዱም። ከዚያ ወዲህ ለሴቶች የተለየ ክፍል ያላቸው መጠለያዎች ተሠሩ፤ ሴቶች ልጆች በብዛት ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከበጎ ፈቃደኞቹም ግማሽ ያህሉ ሴቶች ሆኑ። ሰብዓዊ ልማት ማለት ይህ ነው። ግንብ መገንባት ብቻ ሳይሆን፣ ማስጠንቀቂያ የምትሰማ፣ የምትረዳና በጊዜ ለመውጣት የምትወስን እናት እንድትኖር ማድረግ ነው።

ቀደርና ጥንቃቄ

አንዳንድ ወገኖቻችን «ሁሉም ቀደር ነው፤ ምን ይደረጋል?» ሲሉ እንሰማለን። የሞት ጊዜ በአላህ እጅ መሆኑን አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ የታመመ ሰው መድኃኒት እንደሚፈልግ ሁሉ፣ በወንዝ ዳር የሚኖርም ሰው ጥንቃቄ ማድረጉ ከእምነቱ ጋር አይጋጭም። ያለ ብረት የተሠራ ምሰሶንና የተራቆተ ተራራን በቀደር ስም ማለፍ ኃላፊነትን መሸሽ ይሆናል።

ከየቲም ድጋፍ ጋር ያለው ግንኙነት

ይህ ጉዳይ ለየቲም ረዳቶች ለምን ያሳስባል? አባወራውን ያጣ ቤተሰብ ገቢው ይቀንሳል። ገቢው ሲቀንስ ወደ ረከሰ ቤት ይዛወራል። የረከሰው ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ ያው የወንዝ ዳር ወይም የገደል ሥር ነው። በመጀመሪያው ጎርፍ አባቱን ያጣ ሕፃን በሁለተኛው እናቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ወርኃዊ ድጎማ ብቻ መስጠት፣ ልጁን እየመገቡ ከነስጋቱ መተው ሊሆን ይችላል።

እንግዲያው የቲምን የምንጎበኝ ሰዎች ስለ ልብሱና ስለ ደብተሩ ስንጠይቅ ሌሎች ጥያቄዎችም ልናክል ይገባል። ቤቱ የቆመው የት ነው? ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደረቅ ወንዝ ይሻገራልን? በክረምት ሌሊት ጎርፍ ቢመጣ እናቱ ወዴት እንደምትወጣ ታውቃለችን? ከዘመድና ከጎረቤት ማን ይቀሰቅሳታል? የልጁ የልደትና የትምህርት ማስረጃ ውሃ በማይደርስበት ቦታ ተቀምጧልን? የቤት ኪራይ ድጋፍ ሲደረግ ከወንዙ የራቀ ቤት እንዲፈለግ ማድረግ፣ በየመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ እንዲተላለፍ ከቀበሌና ከዕድር ጋር መስማማት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም።

በጎ አድራጊዎችም ሰደቃተል ጃሪያ ሲያስቡ ከጉድጓድ ውሃና ከትምህርት ቤት ጎን የደጋውን እርከንና ችግኝ ቢያስቡ፣ የእናቶችን የንባብ ትምህርት ቢደግፉ፣ ምንዳው የማይቋረጥ ሥራ ነው። የቲምን ማሳደግ ታላቅ ተግባር ነው፤ ሕፃኑ የቲም እንዳይሆን አስቀድሞ መሥራትም የዚያው ተግባር ክፍል ነው።

አላህ በአደጋ የሞቱትን ይማርልን፤ የቀሩትን ሕፃናት ይጠብቅልን፤ ክረምቱን የራሕመት ያድርግልን። አሚን።