ስለ ቤት አየር ንጽሕና

ሰው ያለ እህል ሳምንታት፣ ያለ ውኃም ጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል፤ ያለ አየር ግን ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይቆይም። ይህ ሆኖ ሳለ የምንበላውን እህል እንለቅማለን፤ የምንጠጣውን ውኃ እናጣራለን፤ ሌሊቱን ሙሉ የምንስበውን የቤታችንን አየር ግን «ንጹሕ ነውን?» ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። በዚህ ወር ስለዚሁ ጉዳይ፣ ይልቁንም በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ስላለው ኑሮ፣ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ለማስረዳት እንወዳለን።

ከቦሌ እስከ ገርጂ፣ ከመገናኛም እስከ አያት ያለው ሰፈር በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልኩ ተለውጧል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች በረድፍ ቆመዋል፤ ፊታቸው መስተዋት የለበሰ ፎቆችም በዝተዋል። ከእነዚህም ጋር የአየር ማቀዝቀዣ መኪና ወደ መኖሪያ ቤት ገብቷል። ስለዚህ ብዙዎች «ማቀዝቀዣ ብንተክል ለጤናችን ይበጃልን?» ሲሉ ይጠይቁናል። ለመመለስ አስቀድሞ መኪናው የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህን ዘዴ ያወጣው ለሰው ምቾት ሳይሆን በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን ለነበረ አንድ ማተሚያ ቤት ነበር። የአየሩ እርጥበት ወረቀቱን እየለዋወጠ የቀለሙን ኅትመት ያበላሽ ስለ ነበር፣ መኪናው እርጥበቱን እንዲቀንስ ታሰበ። እኛም ለትምህርት በቆየንበት በአንድ የባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ያለዚህ መኪና እንቅልፍ እንደማይገኝ አይተናል። በአገራችንም በጋምቤላ፣ በሰመራና በድሬዳዋ ጥቅሙ የታወቀ ነው።

ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰፈር ነው። ሌሊቱ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። በቀን ቤታችን የሚግለው አብዛኛውን ጊዜ የከሰዓት ፀሐይ በመስተዋቱ እየገባ ስለሚታፈን ነው። ለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት ከመስኮቱ ውጭ ጥላ ማበጀት፣ መጋረጃ መጋረድ፣ ፊትና ኋላ ያሉትን መስኮቶችም በአንድነት ከፍቶ ነፋሱን ማሳለፍ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይበልጣል። በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ማቀዝቀዣ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም። የክፍሉን አየር ስቦ በቀዘቀዘ ጥቅልል ቧንቧ ላይ ያሳልፍና ያንኑ አየር መልሶ ይሰጠናል። በውጭ የተተከለው ክፍሉም ሥራው ሙቀቱን መጣል ብቻ ነው። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ቢያስል፣ ተሕዋሱ ከቀዘቀዘው አየር ጋር ይዞራል እንጂ አይወጣም።

መኪናው ያላቸው ሰዎች አያያዙን ይወቁ። በሚሠራባቸው ወራት ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ማጣሪያውን ማውጣት፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ በጥላ ሥር አድርቆ መመለስ ይገባል። እርጥብ ማጣሪያ ሻጋታን ይወልዳል። የውኃ መውረጃው ቱቦም እንዳይደፈን መመልከት ነው። ጋዙ እንደ ላምባ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ጎደለ የተባለ እንደ ሆነ የሚያፈስ ቦታ አለና፣ ሠራተኛው ከመሙላቱ በፊት ቀዳዳውን ፈልጎ ይድፈን። ደግሞም ያለ ልክ ትልቅ መኪና መግዛት ማሻሻል አይደለም፤ ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ስለሚቆም እርጥበቱን ሳያወጣ ይቀራል። ለአዲስ አበባ ቤት የሚሻለው ማሻሻያ በወጥ ቤትና በመታጠቢያ ቤት አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ መትከል ነው።

ሆኖም በከተማችን የታፈነ ቤት ዋና አደጋ ሙቀት አይደለም። አደጋው የሚመጣው ክረምት ገብቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት በገባ ጊዜ ነው።

ባለፈው ክረምት በምሥራቅ አዲስ አበባ ወደሚኖር አንድ ቤተ ሰብ ተጠርተን ሄደን ነበር። አራት ነፍስ በአንድ ሌሊት ራሳቸውን አሟቸው፣ አስታውኳቸው፣ ትንሿ ልጅም መቆም ተስኗት አገኘናቸው። እናቲቱ «ምች ነው የመታን» አሉን። «እሜቴ፣ ማታ ቡና አፍልታችሁ ነበርን?» ብንላቸው «አዎን፤ መብራት ጠፍቶ ነበርና በከሰል አፈላን። ብርዱ ሲበረታ ምድጃውን ወደ ውስጥ አስገባነው፤ ፍም ብቻ ነበር እኮ፣ ጭስ እንኳ የለውም» ሲሉ መለሱ። የበሩም ሥር በጨርቅ ተወትፎ ነበር። ያዳናቸው ታላቁ ልጅ ሌሊት ለውኃ ተነሥቶ፣ ራሱን ስላዞረው በሩን መክፈቱ ነው። ሕክምና አግኝተው ሁሉም ድነዋል።

«ጭስ የለውም» የምትለው ቃል ብዙ ሰው ታሳስታለች። የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህም ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል፤ ሰውዬውም በእንቅልፉ ውስጥ ሳያውቀው ይታፈናል። በከፍታችን ምክንያት በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነውና፣ የኛ ሰው ከዚህ ላይ የሚያጣው ሲጨመር አደጋው ይከብዳል። ጭሱም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት የሞቱትን ወደ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ገምቷቸዋል።

«መስኮት ከከፈትን ብርድ ይመታናል» የሚሉንን አንንቃቸውም። የነርሶች መምህርት ፍሎረንስ ናይቲንጌልም የበሽተኛው ክፍል አየር ንጹሕ እንዲሆን ስታዝዝ፣ በሽተኛው እንዳይበርደው አብራ አስጠንቅቃለች። ሁለቱ ይስማማሉ፤ ብርድ ልብስ ለሰውነት፣ መስኮት ለቤት ነው። አልጋውን ከነፋሱ መተላለፊያ ማራቅ፣ የመስኮቱንም የላይኛውን ክፍል ጥቂት ከፍቶ ማደር ይበቃል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን።

1. ከሰል ከውጭ ወይም በሰገነት ላይ ይቀጣጠል፤ ቡናም ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈት።

2. የጋመ ፍም፣ አመድ የለበሰም ቢሆን፣ ሰው በሚተኛበት ክፍል አይደር።

3. በከሰል የታፈነ ሰው ሲገኝ በሩ ይከፈት፤ ሰውየው ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ኦክሲጅን ወዳለበት ሐኪም ቤትም ይወሰድ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ወተት ይህን ጋዝ ከደም አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰውም በአፉ ምንም አይሰጥ።

መምህራን ሆይ! ይህን ነገር ለተማሪዎቻችሁ ከክረምቱ በፊት ንገሩልን። የክፍላችሁንም መስኮት በየዕረፍቱ አስከፍቱ። ያ ቤተ ሰብ የዳነው አንድ ልጅ በር በመክፈቱ ነው፤ ልጁ ግን በሩን የከፈተው አውቆ ሳይሆን ራሱን አዙሮት ነበር። ከእናንተ የተማረ ልጅ ግን አውቆ ይከፍተዋል፤ ምድጃውንም ገና ሳይመሽ ያስወጣዋል።