መርሴድ፦ በእርሻ ሸለቆ የተቋቋመው የምርምር ዩኒቨርሲቲ

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የሚገኘው የሳን ዋኪን ሸለቆ በወይን፣ በአልሞንድና በወተት ምርቱ የታወቀ ለም ምድር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1868 የተመሠረተው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዘጠኝ ካምፓሶች እስኪኖሩት ድረስ አንዱንም በዚህ ሸለቆ አልከፈተም ነበር። ሸለቆው በፍሬዝኖ ከተማ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢኖረውም፣ የግዛቱ የ1960 የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ ምርምርንና የዶክትሬት ሥልጠናን በዋናነት የሰጠው ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ስለነበረ፣ እውቀትን ማስተማር ብቻ ሳይሆን አዲስ እውቀት ማፍለቅ የመምህሩ ግዴታ የሆነበት ተቋም፣ ማለትም የምርምር ዩኒቨርሲቲ፣ የሚሻ የገበሬና የእርሻ ሠራተኛ ልጅ ከቀዬው መውጣት ነበረበት። ይህ በቀላሉ የማይታይ በደል ነበር።

ዩኒቨርሲቲውን የሚመራው የሪጀንቶች ቦርድ በ1988 በሸለቆው አዲስ ካምፓስ እንዲታሰብ ወስኖ በ1995 በመርሴድ ከተማ አጠገብ ያለውን ስፍራ መረጠ፤ ለአካባቢው ተማሪዎች የትምህርት ድጋፍ የሚሰጥ አንድ የበጎ አድራጎት ተቋምም ሰፊ የግጦሽ መሬት አበረከተ። ይሁን እንጂ መሬቱ ባዶ አልነበረም። ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ጠንካራ የአፈር ንጣፍ ስላለ፣ ካሊፎርኒያ ዝናብ በምታገኝባቸው የቅዝቃዜ ወራት ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች ይሞላሉ፣ በበጋም ፈጽመው ይደርቃሉ። በእነዚህ ኩሬዎች ውስጥ ፌሪ ሽሪምፕ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ እንስሳት ይኖራሉ፤ እንቁላላቸውም በደረቀው ጭቃ ውስጥ ዓመታትን ተቋቁሞ ዝናብ ሲመጣ ይፈለፈላል። ከእንስሳቱ አንዳንዶቹ ዝርያቸው ለመጥፋት የተቃረበ በመሆኑና የአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያሉትን ዝርያዎችና ረግረጋማ ስፍራዎችን ስለሚጠብቅ፣ የግንባታው ዕቅድ ተከልሶ የመጀመሪያው ካምፓስ ቀድሞ የጎልፍ መጫወቻ በነበረ ሜዳ ላይ እንዲሠራ ተደረገ። መዘግየቱ ብዙዎችን ቢያስቆጣም ውሳኔው ተገቢ ነበር፤ ዛሬ ከ2,600 ሄክታር የማያንስ ሣራማ ምድርና ኩሬ ተጠብቆ የዩኒቨርሲቲው የመስክ ቤተ ሙከራ ሆኗልና።

የሥነ ልቦና ምሁሯ ካሮል ቶምሊንሰን ኪዚ የመጀመሪያዋ ቻንስለር፣ ማለትም የካምፓሱ ዋና ኃላፊ፣ ሆነው የመሩት ተቋም መስከረም 2005 ተከፈተ፤ ኧርቫይንና ሳንታ ክሩዝ በ1965 ከተከፈቱ ወዲህ አዲስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ሲከፈት 40 ዓመት አልፎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከ1,000 ያነሱ ነበሩ፤ የመማሪያ ሕንጻው ገና ስላላለቀም ቤተ መጻሕፍቱ የመማሪያ ክፍልም ሆኖ አገለገለ። በኋላ ከግል ኩባንያዎች ጋር በተደረገ ውል፣ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ በፈጀ ግንባታ፣ ካምፓሱ እስከ 2020 በእጥፍ ገደማ ሰፋ። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ ከቤተሰባቸው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የመጀመሪያዎቹ ናቸው፤ የተቋሙ ትልቁ ስኬትም ይኸው ነው።

በ2025 እጅግ ከፍተኛ የምርምር እንቅስቃሴ ላላቸው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን የካርኔጊ ምደባ ማግኘቱ ለእንዲህ ያለ ወጣት ተቋም ፈጣን እድገት ቢሆንም፣ ምርምሩ ከስፍራው መራቁን አያመለክትም። ተመራማሪዎቹ በ2021 ባወጡት ጥናት 6,400 ኪሎ ሜትር የሚያህሉት የካሊፎርኒያ የውሃ ቦዮች በፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ቢሸፈኑ ኤሌክትሪክ ከማመንጨት ባሻገር በዓመት ከ200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ከትነት እንደሚያድን አሳይተዋል፤ ሐሳቡም በዚያው ሸለቆ፣ በተርሎክ የመስኖ ቦዮች ላይ፣ ወደ ተግባር ተሻግሯል።