ከሕክምና በኋላ ስለሚመለስ የጨጓራ ሕመም

የታዘዘለትን መድኃኒት ውጦ ጥቂት ወራት ካረፈ በኋላ የጨጓራ ሕመም የተመለሰበት ሰው በየቤታችን አይጠፋም። አንዳንዱ መድኃኒቱን፣ አንዳንዱ ጾሙን፣ አንዳንዱም ዕድሉን ያማርራል። እኛ ግን ከማማረር አስቀድሞ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ እንላለን፤ ይኸውም የተመለሰው ያው የቀድሞው ጠላት ነውን? ወይስ ሌላ አዲስ ገብቷል? የሚለው ነው።

የብዙው የጨጓራ ቍስል ምክንያት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ጠመዝማዛ ባክቴሪያ መሆኑን፣ በአውስትራልያ አገር በፐርዝ ከተማ የነበሩት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1982 ዓ.ም. ጀምረው ገለጡ። ብዙዎች ባያምኗቸው ማርሻል በ1984 ዓ.ም. ባክቴሪያውን በፈቃዱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ዓ.ም. ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ ባዶ ሆድ ሕመሙን ሊያሰማ ቢችልም፣ ጾም ባክቴሪያውን አይወልደውም።

ይህ ባክቴሪያ እንደ ማንኛውም ሕያው ፍጥረት ዘረ መል የሚባል ረቂቅ ጽሕፈት በውስጡ አለው። በ1997 ዓ.ም. ሙሉው ሲነበብ ፊደላቱ ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሆነው ተገኙ። ጽሕፈቱም ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል። የብራና መጻሕፍትን የሚመረምር ሊቅ በሁለት መጻሕፍት አንድ ዓይነት የጸሐፊ ግድፈት ቢያገኝ ከአንድ ምንጭ መገልበጣቸውን እንደሚያውቅ፣ መርማሪዎችም ከሕክምና በፊትና በኋላ የተወሰደውን ባክቴሪያ ያስተያያሉ። ጽሕፈቱ አንድ ከሆነ የቀድሞው ሳይጠፋ ተሸሽጎ ቈይቷል፤ ልዩ ከሆነ ግን ከውጭ የገባ አዲስ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይጋራሉና፣ የዳነው ሰው ከቤተ ሰቡ መልሶ ቢይዘው ጽሕፈቱ የቀድሞውን ይመስላል። ስለዚህ ከመጸዳጃ በኋላና ከማዕድ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ለሕፃንም እህል አላምጦ አለማጕረስ ይገባል።

ምርመራው ሌላም ጥቅም አለው። ከዚያ ሁሉ ፊደል አንዲቱ ብቻ ብትለወጥ ክላሪትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ሐኪሙ ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ሕመምተኛውን በማይረዳው መድኃኒት አያደክመውም፤ ሌላ ይመርጥለታል።

እንዲህ ያለው ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚገኝ አይደለም፤ የሚከተለው ግን በእያንዳንዱ ቤት የሚቻል ነው። የታዘዘው መድኃኒት፣ አብዛኛውን ጊዜ የ14 ቀን ነው፣ ሕመሙ ቀለለ ተብሎ አይቋረጥ፤ ከጎረቤት የተረፈውም አይወሰድ። መድኃኒቱ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ባክቴሪያው መጥፋቱ በሰገራ ወይም በትንፋሽ ምርመራ ይረጋገጥ። እንደ ኦሜፕራዞል ያለው መድኃኒት ውጤቱን ሊያሳስት ስለሚችል፣ ሐኪሙን አማክሮ 2 ሳምንት አስቀድሞ ማቆም ይገባል። የደም ምርመራ ለዚህ አይበቃም፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ እንኳ ምልክቱ በደም ውስጥ ይቈያልና። ጥቍር ሰገራ፣ ደም ማስታወክ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ቢታይ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

መድኃኒቱ ከጾም ሰዓት ጋር የሚጋጭበት ምእመን ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ይንገር እንጂ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አይተው። ጸሎትና ጸበል መድኃኒት የሚያስጥሉ አይደሉም፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር።