ለወንድሜ የትኛው ኮሌጅ ይሻለዋል?
(ስለ ፖሊመርና ፕላስቲክ ምህንድስና)

ከሀገር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር ከሚነሡት ጉዳዮች አንዱ የኮሌጅ ክፍያ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ወንድም «የፕላስቲክ ምህንድስና የሚያስተምር ኮሌጅ አግኝቻለሁና መመዝገቢያ ላኪልኝ» ይላል። የሚላከው ገንዘብ በሰው ቤት ጉልበት የተገኘ ነውና አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ትምህርቱ ምንድን ነው?

ፖሊመር ማለት ጥቃቅን ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፕላስቲክ፣ ጎማና ናይለን ከዚህ ወገን ናቸው። በወጥ ቤት ያሉትን ዕቃዎች ገልብጣችሁ ብታዩ ብዙዎቹ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አላቸው። 1 የውኃ ጠርሙስ፣ 2 የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ፣ 5 የምግብ ማስቀመጫ የሚሠራበት የፕላስቲክ ዓይነት ነው።

የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ በብዛት የሚገኘው ከነዳጅ ዘይትና ከጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውና ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሪያድ የሚገኘው ሳቢክ ከታወቁት አምራቾች አንዱ ነው። ኢትዮጵያ ግን ጥሬውን ከውጭ ታስገባለች፤ ፋብሪካዎቻችን አቅልጠው ጄሪካን፣ የውኃ ቱቦና የሽቦ ልባስ ያደርጉታል። ስለዚህ በሀገራችን ሥራው በይበልጥ ያለው በማሽን፣ በሞልድ፣ በጥራት ቁጥጥርና አሮጌውን መልሶ በማምረት ላይ ነው።

የት ይማሩታል?

በመጀመሪያ ዲግሪ የተለመደው በር ኬሚካል ምህንድስና ነው። ይህ ትምህርት በአዲስ አበባና በባሕር ዳር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶች፣ በአዳማ እንዲሁም በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። በአዳማና በጅማ ደግሞ የማቴሪያል ምህንድስና አለ። እነዚህ ሁሉ የመንግሥት ናቸው። በመንግሥት የተመደበ ተማሪ በወጪ መጋራት ውል ተምሮ ድርሻውን ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። «ምደባ አስገኛለሁ» ለሚል ደላላ ምንም አትላኩ።

የግል ኮሌጅ ከሆነስ?

1ኛ/ ፈቃድ፦ ፈቃድ የሚሰጠው በትምህርት ዓይነትና በካምፓስ ነው። ኮሌጁ ለአካውንቲንግ ፈቃድ ቢኖረው ለምህንድስና አለው ማለት አይደለም። ወንድማችሁ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ይጠይቅ።

2ኛ/ የዲግሪው ስም፦ ማስታወቂያው «ፕላስቲክ ምህንድስና» ቢልም በዲግሪው ላይ የሚጻፈው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይሰጠው።

3ኛ/ ወርክሾፕ፦ ፕላስቲክ አቅልጦ ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን አለ? ከሌለ ተማሪዎቹ በየትኛው ፋብሪካ ይለማመዳሉ? ወደ ፋብሪካው ሄዶ ማረጋገጥ ይቻላል።

4ኛ/ የመውጫ ፈተና፦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ዲግሪ ለማግኘት ይህን ፈተና ማለፍ አለበት። በዚያ ትምህርት ስንት ተፈትነው ስንት እንዳለፉ ይጠየቅ።

5ኛ/ ክፍያ፦ የዓመቱን በአንድ ጊዜ አትላኩ። በየሴሚስተሩ በኮሌጁ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ የደረሰኙ ፎቶ ይላክላችሁ።

ዲግሪ ብቸኛው መንገድ እንዳልሆነም እናስታውስ። ማሽን መንዳትና መጠገን የሚወድ ልጅ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሜካኒክስ ወይም የኤሌክትሪክ ሙያ ቢማር ፕላስቲክ ፋብሪካም ይፈልገዋል፤ ወጪውም ይቀንሳል።

እነዚህን ጥያቄዎች ለወንድማችሁ ንገሩት። መልሱን ይዞ ሲመጣ ላኩለት፤ በጥያቄው የሚቆጣ ኮሌጅ ካለ ግን ሌላ ይፈልግ።