ያውቁ ኖሯል? ጭንቀት የቁስልን መዳን ያዘገያል

እ.ኤ.አ. በ1995 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ26 ሴቶች ክንድ ላይ 3.5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ቁስል አደረጉ። ግማሾቹ የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ዘመዶቻቸውን የሚያስታምሙ ሲሆኑ፣ የቀሩት በዕድሜና በገቢ ይመስሏቸዋል። ቁስሉ ላይ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲንጠባጠብ አረፋ መድፈቁን ካቆመ ድኗል ማለት ነው። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘገየ! ጭንቀት ሲበረታ የሚመነጨው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን የበሽታ መከላከያ ሴሎችን ሥራ ያዳክማልና።

ጭንቀት የሰውነትን መከላከያ ካዳከመ፣ በቀጫጭን መርፌ የሚሰጠው ሕክምና አኩፓንክቸርስ ሊረዳው ይችላል? እ.ኤ.አ. በ2021 በሃርቫርድ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት አሠራሩን እስከ ነርቮች ድረስ ወርዶ ተመልክቷል። በአይጦች የኋላ እግር ላይ በተተከለ መርፌ ቀላል ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ፣ መልእክቱ ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ከኩላሊት በላይ ወዳለው አድሬናል ዕጢ ደርሶ በባክቴሪያ መርዝ የተነሣውን ብግነት አበረደ። ያው ቀላል ኤሌክትሪክ ሆድ ላይ ሲሰጥ ግን ይህን መንገድ አልቀሰቀሰም። የመርፌው ቦታ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ግኝቱ ግን የአይጥ ነው፤ አኩፓንክቸርን ቢሞክሩም ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ። ቤቱ ታማሚ ያለበት ጎረቤት ካለዎት ደግሞ ጭንቀቱ እንዲቀልለት አስታማሚውን ለጥቂት ሰዓት ይተኩት።